በዘረመል ምሕንድስና የተሻሻሉ ሰብሎችና የተባዮች መላመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዘረመል ምሕንድስና የተሻሻሉ ሰብሎች ሲነሡ አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለሚበላው ምግብ ደኅንነት ነው። በማሳ ላይ በተደጋጋሚ በተጨባጭ የታየው ችግር ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ሰብሉ የያዘውን መከላከያ ተባዮች እየተላመዱት መምጣታቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለሁለቱም ሥጋቶች ቦታ የሰጡ ቢሆኑም ሰፊውን ክፍል የያዘው ሁለተኛው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እነዚህ ሰብሎች ተባይን የሚከላከሉት እንዴት ነው?

ዛሬ በሰፊው የሚዘሩት ተባይ ተከላካይ ሰብሎች፣ በተለይም ጥጥና በቆሎ፣ መከላከያቸውን ያገኙት ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ወይም በአጭሩ ቢቲ ከሚባል በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በመጀመሪያ የታወቀው በ1901 በጃፓን የሐር ትሎችን ሲገድል በተገኘበት ጊዜ ሲሆን፣ የዛሬ ስሙን የወሰደው ግን በኋላ ከተገኘባት ከጀርመኗ ቱሪንጂያ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ በርጭት መልክ ለገበያ ቀርቦ ነበር። የዘረመል መሐንዲሶች ያደረጉት፣ ባክቴሪያው ትል ገዳይ ፕሮቲኑን የሚሠራበትን ዘረመል ወስደው በሰብሉ ውስጥ ማስገባት ነው። በዚህም ተክሉ ፕሮቲኑን በቅጠሉ፣ በአገዳውና በፍሬው ራሱ ማምረት ጀመረ። ቢቲ ጥጥና ቢቲ በቆሎ በ1996 በአሜሪካ በገበሬዎች ማሳ ላይ መዘራት ጀመሩ።

ትሉ ቅጠሉን ሲበላ ፕሮቲኑ አልካላይን በሆነው የአንጀቱ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ የአንጀቱ ኢንዛይሞችም ቆራርጠው ወደ ገዳይ ቅርጹ ይለውጡታል። ከዚያም በአንጀቱ ግድግዳ ላይ በልኩ ከሚገጥመው ተቀባይ ጋር ይጣበቅና ግድግዳውን ይበሳል። ትሉ ወዲያው መብላት ያቆማል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይሞታል። ፕሮቲኑ የሚሠራው ይህ ተቀባይ ባላቸው ነፍሳት ላይ ብቻ በመሆኑ የእሳት እራት እጮችን የሚገድለው ዓይነት ጥንዚዛን አይነካም፤ ጥንዚዛ የሚገድለውም የእሳት እራትን አይነካም። እንደ ክሽክሽ ያሉ ጭማቂ መጣጭ ተባዮችማ በሁለቱም አይበገሩም።

ትልን የሚገድል ነገር ሰውንስ አይጎዳም?

የሰው ጨጓራ አሲዳማ ነው፤ ፕሮቲኑን እንደ ማንኛውም ሌላ ፕሮቲን ሰባብሮ ያፈጨዋል፤ በአንጀታችንም ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ተቀባይ አልተገኘም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሰፊ ዘገባ ለገበያ የቀረቡት የተሻሻሉ ሰብሎች ከተለመዱት ሰብሎች የበለጠ የጤና አደጋ እንዳላቸው የሚያሳይ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም።

ይህ ማለት ግን ወደፊት የሚሠራ ማንኛውም ዝርያ ያለምርመራ ይታመናል ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ የብራዚል ለውዝ ዘረመል የገባበት አኩሪ አተር ሲመረመር ለለውዙ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ሊጎዳ እንደሚችል በመታወቁ ወደ ገበያ ሳይወጣ ቀርቷል። በ2000 ደግሞ ለእንስሳት መኖ ብቻ የተፈቀደው ስታርሊንክ የተባለ ቢቲ በቆሎ በአሜሪካ በሰው ምግብ ውስጥ ተገኝቶ ምርቶች ከገበያ ተሰብስበዋል። የመጀመሪያው ምርመራው ሥራውን መሥራቱን ያሳያል። ሁለተኛው የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ በወረቀት ላይ የተለየ እህል በጎተራና በጭነት ላይ ተለይቶ እንደማይቆይ። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሚበጀው ጥያቄ ቴክኖሎጂውን በጅምላ የሚፈርጅ ሳይሆን እያንዳንዱ ዝርያ በምን ተመርምሮ እንደተፈቀደ የሚጠይቅ ነው።

ተባዮች ቢቲን መላመዳቸው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው፤ በተለያዩ አህጉራትም ተረጋግጧል። በፖርቶ ሪኮ መጤ ተምች የተባለው ተባይ አንዱን የቢቲ በቆሎ ዓይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላመዱ ዘሩ ከደሴቲቱ ገበያ እስከ መውጣት ደርሷል። በደቡብ አፍሪካ የበቆሎ አገዳ ቆርቁር መላመዱ በ2007 ይፋ ሆኗል። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ደግሞ የበቆሎ ሥር ትል በሕይወት የተረፈባቸው ማሳዎች ያንኑ ዓይነት ቢቲ በቆሎ ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያለማቋረጥ የተዘራባቸው ነበሩ። ተመራማሪዎች ይህን ያሳወቁት በ2011 ነው።

ሰፊ ጉዳት የታየው ግን በሕንድ ነው። አገሪቱ ቢቲ ጥጥን በ2002 ፈቀደች፤ በ2010 የሮዝ ጓይ ትል በጉጃራት የመጀመሪያውን ፕሮቲን መላመዱ ተገለጸ፤ ከዚያም ከ2006 ጀምሮ ይዘራ የነበረውን ባለሁለት ፕሮቲን ጥጥም ተላመደው። ለዚህ በርካታ ምክንያቶች ተደራርበዋል። ያልተፈቀደ ዘር በስፋት ተሠራጭቷል፤ ጥጡ በማሳ ላይ ለረጅም ወራት በመቆየቱ ተባዩ በአንድ ወቅት ብዙ ትውልድ እንዲፈራረቅ ዕድል አግኝቷል። ከዚህም በላይ የሚዘራው ዲቃላ ዘር በመሆኑ በአንዱ የጥጥ ፍሬ ውስጥ ፕሮቲኑን የያዙና ያልያዙ ፍሬ ዘሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ከአንዱ ዘር ወደ ሌላው እየተሸጋገረ የሚበላው ትል የሚገድለውን ያህል ሳይወስድ ሊያድግ ይችላል።

የመላመድ ሂደቱ ራሱ ምሥጢር የለውም። ሰብሉ በትሉ ላይ አዲስ ባሕርይ አይፈጥርም። በብዙ ሚሊዮን ከሚቆጠሩት ትሎች መካከል ከመጀመሪያውም ተቀባያቸው በትንሹ የተለየ፣ ፕሮቲኑ በቀላሉ የማይጣበቅባቸው ጥቂት ትሎች አሉ። ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ይተርፋሉ፤ ይራባሉ፤ ከብዙ ትውልድ በኋላም ማሳውን የሚሞሉት የእነርሱ ልጆች ይሆናሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የዘረመል ምሕንድስናው ነው ማለት ነው?

በከፊል ብቻ። ነፍሳት ፀረ-ተባይን መላመዳቸው በጽሑፍ የቀረበው በ1914 ነው፤ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የፍራፍሬ ዛፍ የሚያጠቃ ቅርፊት መሰል ተባይ የድኝና የኖራ ድብልቅ ሲረጭበት አልሞት ማለቱ በዚያን ጊዜ ተዘግቧል። ቢቲን በተመለከተም ቢሆን መጀመሪያ የተላመደው ተባይ የተሻሻለ ሰብል ጨርሶ ያላየ ነበር። ጎመን የሚያጠቃ አንድ የእሳት እራት በሃዋይ የቢቲ ርጭትን መላመዱ በ1990 ታትሞ ወጥቷል፤ ይህም የመጀመሪያው ቢቲ ጥጥ ከመዘራቱ ስድስት ዓመት በፊት ነው።

ይህን ማስረጃ እያነሡ «ስለዚህ ቴክኖሎጂው ነፃ ነው» የሚሉ ወገኖች ግን አንድ ነገር ይዘልላሉ። የተረጨ ቢቲ በፀሐይና በዝናብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ በተክሉ ውስጥ የሚመረተው ግን ትሉ በመጣ ጊዜ ሁሉ፣ በሙሉ ማሳው ላይ፣ ወቅቱን ሙሉ ይገኛል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ሲሸፈን በተባዩ ላይ የሚደርሰው ጫና ከየትኛውም ርጭት የበለጠ ይሆናል። ሥጋቱ የሚነሣው ከዘረመሉ ምንጭ ሳይሆን ከዚህ የማያቋርጥ ጫና ነው። በአግባቡ ካልተያዘ ማንኛውም በጣም የተሳካ መከላከያ የራሱን መጨረሻ ያፋጥናል፤ በአግባቡ መያዝ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጥያቄ ሥር ተብራርቷል።

መጠለያ ማሳ ምንድን ነው? ሆን ብሎ ለተባይ መዝራትስ ለምን አስፈለገ?

መጠለያ ማሳ ከቢቲው ሰብል አጠገብ ወይም ከመካከሉ የሚዘራ፣ ቢቲ የሌለበት ተመሳሳይ ሰብል ነው። ዓላማው ያልተላመዱ ተባዮች በብዛት በሕይወት እንዲቆዩ ማድረግ ነው። ገበሬ ለሚጠላው ትል ማሳ ከፍሎ ይስጥ መባሉ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ሲከተሉት ግን ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል ከ1,000 የዘረመሉ ቅጂዎች መላመድን የሚያስከትለው አንዱ ብቻ ነው እንበል። እያንዳንዱ ትል አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ስለሚወርስ የመላመዱን ቅጂ ከሁለቱም የወረሰ ትል የሚገኘው ከ1,000,000 ትሎች አንድ ይሆናል፤ አንዱን ቅጂ ብቻ የያዙት ደግሞ ወደ 2,000 ይጠጋሉ። ሰብሉ የሚያመርተው ፕሮቲን በቂ ከሆነ አንድ ቅጂ የያዙት 2,000 ትሎች ከተራዎቹ ጋር ይሞታሉ፤ የሚተርፈው ያ አንዱ ብቻ ነው። መጠለያ ከሌለ ይህ የተረፈ ትል አድጎ የእሳት እራት ሲሆን የሚያገኘው ተጓዳኝ እንደ እርሱ የተረፈ ሌላ ይሆናል፤ ልጆቻቸውም በሙሉ ሁለቱንም ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ። መጠለያ ካለ ግን ዙሪያውን ከዚያ የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተራ የእሳት እራቶች አሉና ከእነርሱ ከአንዱ ጋር ይገናኛል። ልጆቹ አንድ ቅጂ ብቻ ይይዛሉ፤ ወደ ቢቲው ሰብል ሲመለሱም ይሞታሉ።

ዘዴው እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ፕሮቲኑ አንድ ቅጂ የያዘውን ትል ለመግደል የሚበቃ መሆን አለበት፤ የመላመዱ ዘረመል ከመነሻው ብርቅ መሆን አለበት፤ መጠለያውም የሁለቱ ማሳ ነፍሳት ለመገናኘት እንዲችሉ ቅርብ መሆን አለበት። የበቆሎ ሥር ትል ያን ያህል በፍጥነት የተላመደው በዋናነት የመጀመሪያው ስላልተሟላ ነው፤ በሥሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ለእርሱ በቂ አልነበረም። በአሜሪካ ለባለአንድ ፕሮቲን በቆሎ የታዘዘው መጠለያ በአብዛኛው የበቆሎ አካባቢ 20 በመቶ ነበር፤ በኋላ ለባለብዙ ፕሮቲን ዝርያዎች 5 በመቶ ተራ ዘር በከረጢቱ ውስጥ ተቀላቅሎ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።

ገበሬዎች መጠለያውን የማይዘሩት ለምንድን ነው?

ምክንያቱም ወጪው ዛሬና በራሳቸው ላይ ሲሆን ጥቅሙ ነገና የሁሉም ነው። መጠለያ የዘራ ገበሬ ትል የበላበትን ምርት ብቻውን ያጣል፤ ጎረቤቱ ግን ምንም ሳይዘራ የዚያኑ መጠለያ ጥቅም ይካፈላል። የእሳት እራት የማሳ ድንበር አያውቅምና። በሕንድ ለ450 ግራም ቢቲ የጥጥ ዘር 120 ግራም ቢቲ የሌለው ዘር በተለየ ማሸጊያ አብሮ እንዲሰጥ ተደንግጎ ነበር፤ ይሁንና ትንሿን እሽግ የሚዘራት ገበሬ ጥቂት ነበር። በትንሽ ማሳ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ አንድ አምስተኛውን መሬት ለትል መተው ቀላል ውሳኔ ስላልሆነ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለንም። ዘሩ አስቀድሞ በከረጢቱ ተቀላቅሎ ሲሸጥ የመታዘዝ ችግሩ ይቀራል፤ በሌላ በኩል ትሎች ከተክል ወደ ተክል እየተሸጋገሩ አነስተኛ መጠን ሊወስዱ ይችላሉ። ያም ሆኖ የማይዘራ ፍጹም መጠለያ ካለው ይልቅ የሚዘራ ጎደሎ መጠለያ ያለው ይሻላል።

ተባዩ ሳይላመድ የቀረበት አገር አለ?

አለ፤ ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ተባዩ በሕንድ ችግር የፈጠረው ያው የሮዝ ጓይ ትል ነው። በአሪዞና ገበሬዎች ከ1996 ጀምሮ ቢቲ ጥጥን ከመጠለያ ጋር ዘሩ፤ ትሉም ለአሥር ዓመት ያህል ሳይላመድ ቆየ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የመጠለያው ሚና በሌላ ተተካ። መካን የተደረጉ የእሳት እራቶች በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ከአውሮፕላን በማሳዎቹ ላይ ተለቀቁ፤ ከሰብሉ የተረፈ ትል ቢኖር የሚገናኘው ከመካን ጋር ስለሚሆን ዘር አይተካም። በ2018 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተባዩ ከአገሪቱ የጥጥ አምራች አካባቢዎች መጥፋቱን አወጀ። ነፍሳቱም ፕሮቲኑም አንድ ሆኖ ውጤቱ በሁለቱ አገሮች ይህን ያህል መራራቁ፣ ልዩነቱ ከአያያዝ የመጣ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

አውስትራሊያም ጥብቅ መንገድ መርጣለች። ባለአንድ ፕሮቲን ጥጥ ከጠቅላላው የጥጥ መሬት ከ30 በመቶ በላይ እንዳይዘራ ገደብ ጣለች፤ መጠለያን ግዴታ አደረገች፤ ምርት ከተሰበሰበ በኋላም አፈር ውስጥ ተሸሽገው የሚከርሙትን ተባዮች ለማጥፋት ማሳው እንዲታረስ አዘዘች።

ሁለትና ሦስት ፕሮቲን በአንድ ሰብል ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል?

ያዘገየዋል። አንዱን የተላመደ ትል በሌላው ስለሚሞት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የተላመደ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሁለቱም ፕሮቲኖች ገና ኃይላቸው እንዳለ ሲጀመር ነው። አንደኛው አስቀድሞ ከተሸነፈ ባለሁለቱ ሰብል በተግባር ባለአንድ ነው፤ የሕንድ ጥጥ የደረሰበትም ይኸው ነው። ሁለቱ ፕሮቲኖች ከሚመሳሰል ተቀባይ ጋር የሚጣበቁ ከሆኑም አንዱን መላመድ ለሌላው መንገድ ይከፍታል። ባለአንድና ባለሁለት ፕሮቲን ሰብሎችን በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን መዝራት ደግሞ ተባዩ አንድ በአንድ እንዲላመድ ዕድል መስጠት ስለሆነ አይመከርም።

ስለ «ሱፐር አረም» የሚባለውስ?

ስሙ ከሚገባው በላይ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን አለ። እነዚህ አረሞች ለየት ያለ ጉልበት የላቸውም፤ በተለመደው ፀረ-አረም አለመሞታቸው ብቻ ነው ልዩነታቸው። ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ-አረም የሚቋቋም አኩሪ አተር በ1996 ከተዘራ በኋላ ብዙ ገበሬዎች ሌሎቹን ኬሚካሎችና ኩትኳቶውን ትተው በዚህ በአንዱ ላይ ተደገፉ። በ2000 በአሜሪካ ደላዌር በአኩሪ አተር ማሳ የማይሞት አረም ተገኘ፤ በ2005 ደግሞ በጆርጂያ የአሉማ ዘመድ የሆነው ፓልመር አማራንት መላመዱ ተረጋገጠ። ይህ አረም አንዷ እንስት ተክል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ስለምትጥል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ግላይፎሴትን የተላመደ ራይግራስ የተባለ ሣር ግን በ1996 በአውስትራሊያ የተገኘው የተሻሻለ ሰብል ባልተዘራበት ማሳ ላይ ነበር።

በእኛ እምነት በዚህ ረገድ የሕዝቡ ሥጋት ከቢቲው ይልቅ እዚህ ላይ ቢበረታ ተገቢ ነበር። ለአረም መጠለያ ማሳ የሚባል መፍትሔ የለም። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሌላ ፀረ-አረም የሚቋቋም ዘር ሲሆን፣ ዳይካምባን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በገቡ ጊዜ ኬሚካሉ በነፋስ እየተነሣ በ2017 በጎረቤት ማሳዎች ላይ ሰፊ ጉዳት አድርሷል።

የኬሚካል ርጭት ቀነሰ ወይስ ጨመረ?

ስለየትኛው ሰብል እንደሚጠየቅ ይወሰናል። በ2014 የታተመና 147 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ የፀረ-ተባይና የፀረ-አረም አጠቃቀም በአማካይ 37 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ ቅናሹ ግን በአብዛኛው የተገኘው ተባይ ተከላካይ ከሆኑት ሰብሎች ነው። ፀረ-አረም የሚቋቋሙት በአንድነት ተቆጥረው ሲነገሩ የአንዱ ስኬት የሌላውን ድካም ይሸፍናል። ተባዩ ከተላመደ ደግሞ ርጭቱ ይመለሳል፤ ገበሬውም ለውዱ ዘርም ለኬሚካሉም ይከፍላል።

አንዱ ተባይ ሲጠፋ ሌላው ቦታውን አይዝም?

ይዟል። በሰሜን ቻይና ቢቲ ጥጥ የጓይ ትልን በእጅጉ ቀነሰው፤ ቅናሹም ጥጥ ባልሆኑ ሰብሎች ላይ ጭምር ታየ። ይሁን እንጂ ለጓይ ትል ይረጭ የነበረው ኬሚካል ሲቆም ሚሪድ የተባሉ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ተበራክተው የፍራፍሬ ዛፎችን ሳይቀር ማጥቃታቸውን በ2010 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቢቲ እነዚህን ስለማይነካ ክትትሉና ሌሎቹ የመከላከያ ዘዴዎች አብረው መቀጠል ነበረባቸው።

ቢራቢሮዎችና ንቦችስ?

በ1999 በቤተ ሙከራ የተደረገ ጥናት ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ እጮች የቢቲ በቆሎ የአበባ ብናኝ ያለበትን ቅጠል ሲበሉ እንደሚሞቱ ገልጾ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። በማሳ የተካሄዱና በ2001 የታተሙ ተከታታይ ጥናቶች በተጨባጭ የሚደርሳቸው የብናኝ መጠን አነስተኛ በመሆኑ አደጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው ብለዋል፤ ብናኙ ከፍተኛ ፕሮቲን የነበረው አንድ ዝርያ ግን ከገበያ ወጥቷል። ንቦችን በተመለከተ በሰፊው የሚዘሩት የቢቲ ፕሮቲኖች ጉዳት አልታየባቸውም።

ዘረመሉ ወደ ሌላ ማሳ ሊሻገር ይችላል?

ይችላል፤ የአበባ ብናኝ በነፋስና በነፍሳት ይጓዛል። በአሜሪካ ኦሪገን ለሙከራ ከተዘራ ግላይፎሴት ተቋቋሚ ሣር የወጣ ብናኝ እስከ 21 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ዘር ማስያዙ በ2004 ታውቋል፤ ሣሩ ያን ጊዜ ለገበያ አልተፈቀደም ነበር። እንዲህ ያለውን ሥጋት ለመቆጣጠር ነው በዘረመል ምሕንድስና በተሻሻሉ ሕያዋን ዝውውር ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የካርታሄና ፕሮቶኮል፣ በ2000 ጸድቆ በ2003 ሥራ ላይ የዋለው። ከመላመድ ጋር የሚያገናኘው ነገር ብዙ ጊዜ አይነሣም፦ የቢቲ በቆሎ ብናኝ መጠለያው ላይ ያለውን በቆሎ ካዳቀለ በመጠለያው በቆሎ ራስ ውስጥ አነስተኛ ፕሮቲን የያዙ ፍሬዎች ይፈጠራሉ፤ መጠለያውም በከፊል መጠለያነቱን ያጣል።

ዘሩ ተመልሶ አይበቅልም የሚባለው እውነት ነው?

መካን ዘር የሚያስገኝ ዘዴ በ1998 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ቢሰጠውም ለገበያ ቀርቦ አያውቅም። ገበሬው ዘር እንዳያስቀምጥ የሚያደርጉት የባለቤትነት መብት ውሎችና ዘሩ ዲቃላ መሆኑ ናቸው። ከዲቃላ ቢቲ የተቀመጠ ዘር ሲዘራ ከፊሉ ፕሮቲኑን ይዞ ከፊሉ ሳይዝ ስለሚበቅል የማሳው መከላከያ ይዘበራረቃል።

ያለኬሚካል የሚያመርቱ ገበሬዎች ለምን ይቃወማሉ?

ለብዙ አሥርት ዓመታት የቢቲ ርጭትን ከተፈቀዱላቸው ጥቂት መሣሪያዎች እንደ አንዱ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። ሌላው ሰው የቢቲ ሰብልን ያለመጠለያ ሲያለማ ተባዩ ቢላመድ የሚያጡት እነርሱ ናቸው፤ ካሣ የሚከፍላቸውም የለም። ቅሬታው ተገቢ ነው።

በማሳ ላይ የመላመድ ምልክት የሚታወቀው በምንድን ነው?

በቢቲ ሰብል ላይ ጥቂት የተበሳ ቅጠል ማየት ብቻውን አያስደነግጥም፤ ትሉ ለመሞት መጀመሪያ መቅመስ አለበትና። ሊያሳስብ የሚገባው የትሉ መጠን ነው። ከእንቁላል እንደወጣ የሚሞት ትንሽ ትል የሚጠበቅ ሲሆን፣ በአገዳው ወይም በፍሬው ውስጥ ወፍሮና አድጎ፣ ኋላውም በዓይነ ምድሩ ተሞልቶ የሚገኝ ትል ግን መመርመር አለበት። ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ይጣራሉ፦ ተክሉ በእርግጥ ፕሮቲኑን ይዞ እንደሆነ፣ ይህም ከቅጠሉ በተፈጨ ጭማቂ ውስጥ ተነክሮ መስመር በሚያወጣ የመመርመሪያ ወረቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ እንዲሁም ትሉ ዝርያው የተሠራለት ተባይ መሆኑ። አስመስሎ የተሸጠ ዘር ወይም ቢቲው የማይነካው ሌላ ትል ብዙ ጊዜ መላመድ ተብሎ ይዘገባል።

ሁለቱም ከተረጋገጡ ትሎቹ በሕይወት እንዳሉ ተሰብስበው ወደ ቤተ ሙከራ ይላካሉ፤ ልጆቻቸውም ፕሮቲኑ በተቀላቀለበት ምግብ ላይ ያድጉ እንደሆነ ይታያል። ይህ ሳምንታት ስለሚፈጅ ውጤቱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ወቅት በሌላ መንገድ የሚገድል ፀረ-ተባይ ይረጫል፤ ምርቱ እንደተሰበሰበ ቃርሚያውና አገዳው ተነቅሎ ይወገዳል፤ በሚቀጥለው ወቅትም በዚያ ማሳና በአጎራባቾቹ ያው ፕሮቲን ያለበት ዘር አይዘራም።